ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘት ሥራን መጨረስ አይደለም
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ዓመት ከመካከላችን ለተለዩን ወገኖቻችን ነፍስ ይማር እያልሁ፣ ለቤተ ሰቦቻቸው መጽናናትን እመኛለሁ።

ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት ስለ ጥሪ ሣጥናችን ነው። የአባላት ስም ዝርዝርና የስልክ ቁጥር በእኔ እጅ ስላለ፣ ልጆቹ ሣጥኑን ሲያድሱ ከጎናቸው ተቀምጬ መዝገቡን እንዳመሳክር ኮሚቴው መድቦኝ ነበር። ያየሁትን በማውቀው ቋንቋ እነግራችኋለሁ። በቡና ቤቱም በለቅሶ ቤቱም «ሣጥኑ አርባ ሰባት ስሕተት ተገኘበት» እየተባለ ይወራል። አንዱ «ይጣልልን፣ ጥሩምባችን ይበቃናል» ይላል። ሌላው ደግሞ «አሁን ስለ ታደሰ ጥሩምባ ነፊውን እናሰናብት» ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። የተገኘው አርባ ሰባት ስሕተት ሳይሆን አርባ ሰባት ማስጠንቀቂያ ነው። የሁለቱን ልዩነት ካወቅን ምን ማድረግ እንዳለብን ራሱ ይነግረናል።

ሣጥኑ ምን እንደሆነ ለማታውቁት ባጭሩ ልግለጽ። በውስጡ የስልክ ሲም ካርድና ከጥፍር የማትበልጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አለች። ሰው ሲያርፍ ጸሐፊው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይሞላል፤ ሣጥኑም ለአባላቱ ሁሉ የስልክ መልእክት ይልካል። ከዲላ ወጥቶ ይርጋ ጨፌ ወይም ሐዋሳ የዋለ አባል ጥሩምባውን አይሰማም፤ መልእክቱ ግን ይደርሰዋል። የሣጥኑን ፕሮግራም የጻፉት የአባላት ልጆች ናቸው፤ አንድ ሳንቲም አላስከፈሉንም፤ እግዜር ይስጣቸው። ታዲያ የቀድሞዋ ዕቃ ተበላሽታ ዓይነቷም ከገበያ ስለ ጠፋ፣ አዲስ ተገዛ። አዲሱ ደግሞ አዲስ ኮምፓይለር ፈለገ።

ኮምፓይለር ማለት አስተርጓሚ ነው። ልጆቹ ፕሮግራሙን የሚጽፉት «ሲ» በሚባል ቋንቋ ነው፤ ይህም በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ ዴኒስ ሪቺ የሚባል ሰው ያበጀው ነው። ዕቃዋ ግን ሲ አትሰማም፤ የምትሰማው የአንድና የዜሮ ቁጥር ብቻ ነው። በመካከል ሆኖ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ነው። ልጆቹ የሚሠሩበት ጂሲሲ የሚባለው ሲሆን፣ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 አውጥቶት እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በነፃ ይሠራበታል።

ይህ አስተርጓሚ ሲተረጉም ሁለት ዓይነት ንግግር ይናገራል። አንደኛው ስሕተት ነው፤ «ይህ ዐረፍተ ነገር አይገባኝም፣ አልተረጉምም» ብሎ ይቆማል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ «ተርጉሜዋለሁ፤ ነገር ግን ይህን ለማለት ፈልገህ ነውን?» ይላል። የመሥሪያ ቤት ነገር የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ስሕተት ማለት ያልተፈረመበት የወጪ ማዘዣ ነው፤ ገንዘብ ያዡ አይከፍልበትም። ማስጠንቀቂያ ደግሞ ፊርማው ሁሉ ያለበት፣ ግን በቁጥርና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ የማይመሳሰል ማዘዣ ነው። ቸልተኛ ገንዘብ ያዥ ይከፍለዋል፤ ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው።

በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሳሳት ሰውየው ፊት ለፊት ያየዋል። በዕቃ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም ግን፣ እንደ መብራት ቆጣሪው፣ እንደ ቡና ሚዛኑ፣ እንደ እኛም ሣጥን፣ የሚያነበው መስኮት የለውም። ቢሳሳት ዝም ብሎ ይሳሳታል። ስለዚህ ገና ሲተረጎም የሚሰማው ማስጠንቀቂያ አንዳንድ ጊዜ የመጨረሻው ድምፅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

«አሮጌው ያልተናገረውን አዲሱ ለምን ተናገረ? ፕሮግራሙ እኮ ያው ነው» ያላችሁኝ አላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ምክንያቱ ሦስት ነው።

1ኛ/ አዲስ ኮምፓይለር ከቀድሞው ይልቅ አጥብቆ ይመረምራል። መዝገቡ ያው ሆኖ ኦዲተሩ ጎበዝ ሲሆን ቀይ ምልክቱ ይበዛል፤ ጉድለቱ ግን ዛሬ የተፈጠረ አይደለም።

2ኛ/ አንዳንዱን ማስጠንቀቂያ ካልጠየቁት አይናገርም። ልጆቹ በዚህ ጊዜ ሁሉንም እንዲናገር አዘዙት።

3ኛ/ የቋንቋው ሕግ ይለወጣል። ለምሳሌ በፕሮግራሙ ውስጥ ማንነቱ አስቀድሞ ያልተገለጸን ሥራ ጠርቶ ማሠራት በሲ ቋንቋ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ቀርቷል። ጂሲሲ ግን ለ25 ዓመት ያህል በማስጠንቀቂያ ብቻ ሲያልፈው ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው በ14ኛው እትም ስሕተት ነው ብሎ መተርጎሙን አቆመ። ዛሬ ነገ ሲባል የቆየ ማስጠንቀቂያ አንድ ቀን በር ዘግቶ ይጠብቃል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ አርባ ሰባቱ እንምጣ። መጀመሪያ ሲታይ ያስደነግጣል፤ ሲደረደር ግን ብዙው አንድ ነገር እየደጋገመ ነው። አንድ ጥፋት አሥር ቦታ ከተጠቀሰ አሥር ማስጠንቀቂያ ይወጣል። በደብተር ላይ በየምክንያታቸው ብንከፍላቸው ዘጠኝ ሆኑ። ከዘጠኙ አራቱን ልንገራችሁ፤ እነዚህ ጉዳያቸው ቀጥታ እኛን ይመለከታልና።

የመጀመሪያው «መልእክቱ ሊቆረጥ ይችላል» የሚል ነው። ልጆቹ ለመልእክቱ የተዉት ቦታ 160 ባይት ነበር። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ የስልክ መልእክት 160 ፊደል ይይዛልና ያንን ይዘው ነው። የእኛ ፊደል ግን በዕቃዋ ውስጥ ሲጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 160 ባይት ከ53 ፊደል አይበልጥም። እኔው ራሴ በደብተር ላይ ቆጠርሁት። «አባላችን ወይዘሮ እገሊት እገሌ በዛሬው ዕለት ስለ ዐረፉ የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ነገ ከቀኑ 6 ሰዓት በ» ይልና እዚያው ያልቃል። በየት? በየትኛው ቤተ ክርስቲያን? በየትኛው መካነ መቃብር? የለም! የሟቹ ስም አጭር ሲሆን የቦታው ስም ተርፎ ይታያል፤ ረዥም ሲሆን ይቆረጣል። ሞት ተነግሮን መቃብሩ የጠፋብን ሰዎች ልንሆን ነበር። አሁን ቦታው ሰፍቷል። ከዚህም ሌላ በእኛ ፊደል የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት ከ70 ፊደል ስለማያልፍና ትርፉ በሁለተኛ መልእክት ስለሚሄድ፣ ስም፣ ቦታና ሰዓት በመጀመሪያ፣ ማዕረግና ዝርዝሩ በኋላ እንዲጻፍ ተደርጓል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ስለ ጳጉሜ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የወራት ስም ተዘርዝሯል፤ አሥራ ሦስቱም አሉ። ቀኑን በጽሑፍ የሚያወጣው ክፍል ግን የተሠራው ለአሥራ ሁለቱ ብቻ ነበር። ኮምፓይለሩ «ጳጉሜ የሚል በዝርዝሩ አለ፤ ምን እንደሚደረግበት ግን አልተነገረኝም» አለ። ጳጉሜ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ስድስት ቀን ናት። ሣጥኑ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በጳጉሜ ሰው አላረፈብንም እንጂ፣ ቢያርፍ መልእክቱ ቀን ሳይኖረው ይሄድ ነበር። ኮምፓይለሩ የተሠራው በፈረንጅ አገር ነው፤ ጳጉሜን አያውቅም። ሆኖም የተዘረዘረውንና የተሠራውን አስተያይቶ ጉድለቱን አገኘው። እኔን ከሁሉ የደነቀኝ ይህ ነው።

ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ነው። ሣጥኑ የወር መዋጮንም ይደምራል። የድምሩ ቋት የተሠራው ከ32,767 በላይ እንዳይዝ ሆኖ ነበር። ለምሳሌ 400 አባወራ መቶ መቶ ብር ሲያዋጣ 40,000 ብር ይሆናል። ቋቱ ግን ሞልቶ ይገለበጥና «ከዜሮ በታች 25,536» ብሎ ይጽፋል። ገንዘብ ሰብስበን ባለ ዕዳ እንሆናለን ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ያለው «ትልቁን በትንሹ ዕቃ እያስገባህ ነው፣ ሊጎድል ይችላል» ብቻ ነው።

ይህን ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ አንድ ታሪክ ልጨምር። ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. የአውሮፓ አገሮች አርያን 5 የሚባለውን አዲስ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ አስወነጨፉ። አቅጣጫ የሚጠብቀው ፕሮግራም ከቀድሞው ከአርያን 4 የተወሰደ ነበር። በቀድሞው ሮኬት ሲሠራ የኖረ፣ የተመሰከረለት ነው። አዲሱ ግን ፍጥነቱ ስለ ጨመረ አንድ ቁጥር ከዚያው ከ32,767 ቋት አለፈ፤ ሮኬቱም በ40 ሰከንድ ገደማ አየር ላይ ተበታተነ። ሰው አልነበረበትም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ አሮጌው ፕሮግራም በአሮጌው ዕቃ ላይ ደኅና መሥራቱ ለአዲሱ ዕቃ ዋስ አይሆነውም።

አራተኛው እንዲያውም የሚናቅ ይመስላል። «አንድ ቦታ አዘጋጅተሃል፣ ግን አልተጠቀምህበትም» ይላል። አንደኛው ልጅ «ይኼ ምንም አይደል፣ ይሰረዝ» አለ። ሌላዋ ልጅ ግን «ቆይ፣ ለምን አዘጋጀነው?» ብላ ጠየቀች። ለካ ያ ቦታ የአባሉ ሁለተኛ ስልክ ቁጥር ነው! በየቤቱ እየዞርን የልጁን፣ የጎረቤቱን ስልክ ለምነን የመዘገብነው ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ አንድም ቀን ግን አልተደወለበትም። ስልካቸው ተዘግቶ ቀብር ያመለጣቸውና በስብሰባ የተቆጡ እናቶች ነበሩ፤ ምክንያቱ ይኸው ነበር። ቢሰረዝ ኖሮ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፤ ጉድለቱ ግን እንዳለ ይቀራል። ትንሽ የሚመስል ማስጠንቀቂያ ሳይጠየቅ መሰረዝ የለበትም የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሥራው መካከል የመጣውን ፈተናም ልናገር። ሁለት ቀን ከተደከመ በኋላ አንደኛው ልጅ «ጋሼ፣ ዝም በል የሚባል ትእዛዝ አለው እኮ፤ አንድ ቃል ቢጻፍ አርባ ሰባቱም አይታዩም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አለ። ከዚህም የረቀቀ ሌላ መንገድ አለ፤ በየቦታው «እኔ አውቃለሁ፣ እለፈው» ብሎ ማስገደድ ነው። ሁለቱም አፍ ማስያዝ ናቸው። በጌዴኦ ሶንጎ ላይ ሽማግሌ አቤቱታ ሲቀርብለት አቤት ባዩን ዝም አያሰኝም፤ ሰምቶ «ይህ እውነት፣ ይህ ከንቱ» ብሎ ይለያል። ለማስጠንቀቂያም ሥርዓቱ ይኸው ነው።

በአገራችን ማስጠንቀቂያ ታውቆ ለኋላ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል አይተናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በፊት በጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የዚሁ ዓይነት የኢንዶኔዥያ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። ዋናው ምክንያት በአንድ መለኪያ ብቻ ተመርቶ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋ ፕሮግራም ነበር። ከዚሁ ጋር ግን ሁለቱ መለኪያዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለአብራሪው የሚበራ ማስጠንቀቂያ ነበረ። በፕሮግራም ጉድለት የተነሣ ማስጠንቀቂያው የሚሠራው በተጨማሪ ዋጋ የሚገዛ ሌላ ማሳያ ባላቸው አውሮፕላኖች ላይ ብቻ ነበር። ቦይንግ ይህን እ.ኤ.አ. በ2017 አውቆ ለደኅንነት አያሰጋም በማለት እርማቱን እስከ 2020 አቆይቶት ነበር። አውሮፕላኑ የወደቀው በዚህ መብራት ብቻ ነው አልልም፤ አይደለምም። እኛ የቀብር ማኅበር ሰዎች ግን መጋቢት 8 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የሆነውን አንረሳም። አሥራ ሰባት የሬሳ ሣጥን ተሰልፎ ሲያልፍ አስከሬን አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ለቅሶ ጠላትም አይድረሰው።

ወደ ከተማችን የቀረበም አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ሲያወጡ አደሩ። በብዛት ያወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ከዲላ ዩኒቨርሲቲም እንደነበሩ በዜና ተነግሯል። የውጭ ጥቃት ሳይሆን በተለመደ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጊዜ የደረሰ እንደሆነ ተገልጿል። ከዚያ በኋላ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍ ደርሷል። እዚያ የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ ነበረ ለማለት አይደለም ያነሣሁት። ለማሳየት የፈለግሁት ማሻሻያ ማለት ቤት እየተኖረበት ምሰሶ መለወጥ መሆኑን ነው። ምሰሶ የሚለውጥ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ድጋፍ ያቆማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የገንዘብና የሞት መልእክት ግን ከፈሰሰ ተለቅሞ አያልቅም።

ልጆቹ በመጨረሻ የተከተሉት አሠራር የሚከተለው ነው። ሌላ ዕድርም ሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲህ ያለ ዕቃ ቢያድስ ይጠቀምበታል ብዬ ስለማምን በተራ እጽፈዋለሁ።

ሀ/ አሮጌው ፕሮግራምና አሮጌው ኮምፓይለር እንዳሉ ተገልብጠው ተቀመጡ። አዲሱ እምቢ ቢል መመለሻ መንገድ አለ።

ለ/ ፕሮግራሙ አንድ ፊደል ሳይነካ በአዲሱ ኮምፓይለር ተተረጎመ። ማሻሻልና ማረም በአንድ ቀን ከተደባለቁ፣ ጥፋት ሲገኝ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም።

ሐ/ ማስጠንቀቂያው ሁሉ በደብተር ተመዘገበ፤ በየምክንያቱም ተከፈለ፤ ከዚያ በሦስት ተለየ። ሕይወትና ገንዘብ የሚነካው ዛሬውኑ የሚታረም፣ ሌላው ቀን ተቆርጦለት የሚታረም፣ ጉዳት የሌለው ደግሞ ምክንያቱ ተጽፎ የፈረመበት ሰው ታውቆ የሚታለፍ። ያለ ምክንያትና ያለ ፊርማ የታለፈ የለም።

መ/ እርማቱ አንድ በአንድ ሆነ። ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ የሣጥኑ መልእክት ከወረቀት መዝገቡ ጋር ተመሳከረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሠ/ ሁሉም ከጠራ በኋላ፣ ከእንግዲህ አዲስ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ እንደ ስሕተት ተቆጥሮ ሥራው እንዲቆም ለኮምፓይለሩ ታዘዘ። ንጹሕ ግድግዳ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ በቆሸሸው ላይ ግን አትታይም። አርባ ሰባቱ ተከማችተው ቢቀሩ ኖሮ አርባ ስምንተኛውን ማን ያየው ነበር?

ከዘጠኙ ምክንያቶች ሰባቱ ታርመዋል። አንዱ ጉዳት እንደሌለው ተጽፎ ተፈርሞበታል። የቀረው አንዱ የሣጥኑን ሰዓት የሚመለከት ሲሆን ቀን ተቆርጦለታል፤ እስከዚያ ድረስ ጸሐፊው ሰዓቱን በየሳምንቱ በእጁ ያስተካክላል።

በመሆኑም ኮሚቴው ለዚህ ጉባኤ ሦስት አሳብ ያቀርባል። ሣጥኑ ይቀጥል። ጥሩምባ ነፊያችንም ከነአበሉ ይቀጥል፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ጳጉሜ እስክታልፍ ድረስ። የማስጠንቀቂያው ደብተር ደግሞ እንደ ገንዘብ መዝገቡ ሁሉ የዕድሩ ንብረት ሆኖ በየስድስት ወሩ ለኮሚቴ ይቅረብ፤ ልጆቹ ነገ ሥራ አግኝተው ሌላ አገር ሊሄዱ ይችላሉና።

ልጆቻችን ደግሞ ይህን ከእኔ ስሙኝ። ማስጠንቀቂያ ስድብ አይደለም፤ «ሥራህ ከንቱ ነው» ማለትም አይደለም። ሰው ከመጎዳቱ በፊት የሚጠይቅ ነው። ያ መልእክት ሳይደርሳት ባዶ እጇን ለቅሶ ቤት ዘግይታ የምትደርሰው እናት ስለ ኮምፓይለር የምታውቀው ነገር የለም፤ ማስጠንቀቂያውን አላየችም፣ ዝም ያሰኘችውም እሷ አይደለችም። ዕዳውን የምትከፍለው ግን እሷ ናት።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውረን፤ ጥሪውንም የሚጠራውን ሣጥን ሥራ ፈት ያድርግልን።